ራሕመት አንድ ናት

አክስት እንደሌለኝ የተማርኩት ፋቲሓን በቃሌ በያዝኩበት ሰሞን ነው። አስተማሪዬ እናቴ ነበረች። ጅዳ፣ በግዳዲያ ሰፈር፣ ባለ አራት ፎቅ አሮጌ ሕንፃ ጣሪያ ላይ በተሠራች አንዲት ክፍል ውስጥ እንኖር ነበር። እማ የዐስር ሶላቷን ሰግዳ ስታበቃ እዚያው ሙሰላዋ፣ መስገጃ ምንጣፏ ላይ እንደተቀመጠች ትጠራኝና ፊት ለፊቷ ታስቀምጠኛለች። ከዚያ ድምፅዋን ወፈር፣ ፊቷን ኮስተር አድርጋ እንደ ጀዋዛት ትጠይቀኛለች። ጀዋዛት የምንላቸው ወረቀት የሌለውን ሰው እየያዙ ወደ አገሩ የሚሰዱትን ፖሊሶች ነው።

«እናትሽ ማን ትባላለች?»

«ራሕመት ሰዒድ።»

«እህት አላት?»

«የላትም።»

«አክስት አለሽ?»

«የለኝም።»

«ሌላ ራሕመት የምትባል ሐበሻ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ራሕመት አንድ ናት።»

«ማሻአላህ» ትልና ግንባሬን ትስመኛለች። ከተንተባተብኩ ግን እንደገና ከመጀመሪያው ነው። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ሂክማ» ትለኛለች። «አንዲት ቃል ካመለጠችሽ እኔም የለሁ፣ አንቺም የለሽ።»

አክስትስ ነበረችኝ። ፈይዛ ትባላለች፤ የእናቴ ታናሽ ናት። ኩዌት ከተማ ውስጥ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። እዚያ ግን ፈይዛ ብሎ የሚጠራት አልነበረም፤ ስሟ ራሕመት ሰዒድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደርግ ጊዜ ለአንዲት የኮምቦልቻ ልጅ ፓስፖርት ማውጣት ሰማይ እንደ መቧጠጥ ነበር። እማ ጅዳ ከገባች በኋላ ፓስፖርቴ ጠፋብኝ ብላ ሌላ አወጣች። አልጠፋባትም። አሮጌውን ሙሰላ ውስጥ ሰፍታ፣ ሐጅ አድርገው በሚመለሱ አንዲት ባልቴት እጅ ለእህቷ ላከችላት። ስትሰፋ አይቻታለሁ፤ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ምን እያደረገች እንደሆነ ብጠይቃት «ተቀዶ ነው» አለችኝ። ሁለቱ እህትማማቾች ቁርጥ አንድ ናቸው፤ አፍንጫቸው እንኳ ወደ አንድ ወገን ነው ዘንበል የሚለው። ፈይዛ በእማ ፎቶ፣ በእማ ስም፣ እማ በተወለደችበት ቀን ተወልዳ ኩዌት ገባች።

እንዲህ ያደረግነው እኛ ብቻ አይደለንም። በእህት ፓስፖርት፣ በጎረቤት ፓስፖርት፣ የክርስቲያኑም ልጅ በሙስሊም ስም፣ ስንቱ ባሕር ተሻግሯል። ችግሩ አንድ ሰው ሁለት አገር ላይ በአንድ ጊዜ መኖር አለመቻሉ ነው። ያ ከታወቀ የእማ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ይቀደዳል፤ የእኔ ስም ደግሞ የተጻፈው እዚያው ኢቃማ ላይ፣ ከእሷ ስም ሥር ነው። የመካ መንገድ ሹፌር የነበረው አባቴ ዐብዱ የሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ሞቷል። ከዚያች ደብተር በቀር እዚያ አገር የሚያቆመን ነገር አልነበረንም።

አክስቴን በዐይኔ አይቻት አላውቅም። የማውቃት በድምፅዋ ነው። በዓመት ሁለት ሦስቴ ለዑምራ ወደ መካ በሚመጣ ሰው እጅ ካሴት ትልክልን ነበር። መጻፍ አትችልም፤ የሚጽፍላት ሰው ብትፈልግ ደግሞ ምስጢሯን ልታካፍል ነው። ስለዚህ እንደ ደብዳቤ አድርጋ ትቀዳዋለች። «አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል፣ የሂክማ እናት? እኔ አላህ ይመስገን፣ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ብላ ትጀምራለች። እማን በስሟ ጠርታት አታውቅም፤ የራሷንም ስም አታነሳም። ከኋላዋ የልብስ ማጠቢያው ሲሽከረከር፣ ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማል። ሊያልቅ ሲል ወደ እኔ ትዞራለች። «ሂክማዬ፣ አደግሽ? እኔን ትመስያለሽ ይሉኛል። ስመጣ ፀጉርሽን የምሠራው እኔ ነኝ፤ ለማንም እንዳታስነኪ!» ስለዚህ እማ ስትሠራኝ ሁልጊዜ እነጫነጭ ነበር። ፀጉሩ ቀጠሮ የተያዘበት ነው።

በፈረንጆቹ ዘጠና ዓመተ ምሕረት፣ በነሐሴ ሙቀት መሀል፣ ኢራቅ ኩዌትን ያዘች ተባለ። ካሴቱ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ የእማ አሠሪ የማዳማችን የአጎት ልጅ የሆነች አንዲት የኩዌት ሴትዮ ሦስት ልጆቿን ይዛ፣ አቧራ በጠገበ መኪና ሸሽታ መጣች። እማ የምትሠራበት የሦስተኛ ፎቅ ቤት ተጣበበ። የሰባት ሰው ልብስ ታጥብ የነበረችው እማ የአሥራ አንድ ሰው ታጥብ ጀመር።

እንግዳዋ ቀኑን ሙሉ ታለቅሳለች። እኔ ከልጆቿ ጋር ምንጣፉ ላይ እጫወታለሁ፤ ጆሮዬ ግን ትልልቆቹ ዘንድ ነው። «ቤቱን ለሠራተኛዋ ጥለንላት ወጣን» ስትል ሰማኋት። «መኪናው ሞላ፣ ምን እናድርግ? ቁልፉን ሰጠናት። ሩዝ አለ፣ ዘይት አለ፣ በሩን ለማንም አትክፈቺ አልናት። ምስኪን፣ ሻንጣችንን ተሸክማ እስከ መኪናው ሸኘችን።»

እማ የሻይ ትሪ ይዛ ቆማ ነበር። «ከየት አገር ናት?» አለች።

«ከሲሪላንካ።»

«ሐበሾችስ አሉ እዚያ?»

«ሞልተዋል። ምነው ራሕመት፣ ዘመድ አለሽ?»

«የለኝም» አለች እማ። ልክ እኔን እንዳስተማረችኝ ሳትንተባተብ ነው የመለሰችው። ኮራሁባት። ትሪው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርሳቸው ሲንቀጫቀጩ ይሰማኝ ነበር፤ ያኔ ግን ጉዳዬ አላልኩትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በልጅ ጭንቅላቴ ውስጥ ኩዌት ከተማ ከውጭ የተቆለፈች አንዲት ትልቅ ቤት ሆነች። ባለቤቶቹ በሙሉ ወጥተዋል፤ ውስጥ የቀሩት ሠራተኞቹ ናቸው፤ ቁልፉ ያለው በአክስቴ እጅ ነው። ወታደሮቹ በር ያንኳኳሉ፣ እሷ አልከፍትም ትላለች። ትልልቆቹ በየቀኑ «ተሕሪር፣ ተሕሪር» ይላሉ፤ ነፃ መውጣት ማለት ነው። ተሕሪር የሆነ ዕለት በሩ ይከፈታል፣ አክስቴ ቁልፉን ለባለቤቶቹ አስረክባ በቀጥታ ወደ እኛ ትመጣለች። ፀጉሬን ትሠራኛለች። በኋላ ከዚያ ከተማ የወጡ ሴቶች እነዚያ በሮች ሲንኳኩ ምን እንደሆነ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። እነሱ ሲያወሩ እኔ ተነስቼ ውኃ ልቅዳ እላለሁ።

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የሰፈራችን የመኖች መሄድ ጀመሩ። በጦርነቱ ሳቢያ ያለ ከፊል፣ ያለ ዋስ አሠሪ፣ መኖር አትችሉም ተባሉ። ታች ሱቅ የነበረው ሰውዬ ፍራሹንና ሚዛኑን ፒክ አፕ ላይ ጭኖ፣ የተረፈውን ከረሜላ በሙሉ በቀሚሴ ገለበጠልኝ። እየሳቅኩ ደረጃውን ሮጬ ወጣሁ። እማ ከረሜላውን አይታ ቁጭ አለች። «አየሽ? ሃያ ዓመት የኖረ ሰው ነው። ወረቀት ናት እንዲህ የምታደርግ» አለችኝ። ትምህርቱ ከዚያ ወዲህ በቀን ሦስቴ ሆነ። አዲስ ነገርም ተጨመረበት። «ጀዋዛት ሁልጊዜ ልብሱን ለብሶ አይመጣም። ዘመድ መስሎ ሊመጣ ይችላል። ሰላምታ ይዤ መጣሁ ሊልሽ ይችላል። ስምሽን ጠርቶ ሊያባብልሽ ይችላል። ምን ትይዋለሽ?»

«ራሕመት አንድ ናት።»

«ማሻአላህ።»

ኩዌት ከተማ ነፃ የወጣችው ከረመዳን በፊት ባለው በሻዕባን ወር ነው። አንድ ረቡዕ ጠዋት ማዳም ቴሌቪዥኑን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ሰው መኪና ጣሪያ ላይ ወጥቶ ባንዲራ ያውለበልባል፣ ወታደር ይስማል፣ ሴቶቹ ፊታቸው በጥላሸት ጠቁሮ ያለቅሳሉ። እንግዳችን ሻሿ ወልቆ ልጆቿን እየለቀቀች እየያዘች ትጮሃለች። ጎዳናው ላይ የመኪና ጡሩንባ አንድ ሆነ። «ራሕመት!» አለች ማዳም፣ «እንደ አገርሽ እልል በይልን እንጂ!»

እማ መጥረጊያዋን ጣለችና እልል አለች። እንዲያ ያለ እልልታ ከእሷ ጉሮሮ ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር። ከማዶው ሕንፃ ሰዎች በመስኮት ብቅ ብለው አዩን። ከዚያ ወደ ማድ ቤት ሮጠች። ተከትያት ብገባ በማቀዝቀዣውና በሩዝ ከረጢቱ መሀል ግንባሯን መሬት አስነክታ ሱጁድ ወርዳ አገኘኋት።

«እማ፣ ቂብላው በዚያ አይደለም» አልኳት።

ቀና አለች። ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። «አላህ በሁሉም በኩል አለ፣ የኔ ዓለም» አለችኝ።

«አሁን ትመጣለች?»

አፌን በእጇ ከደነችውና በጆሮዬ «ትመጣለች፣ ኢንሻአላህ። ረመዳንን አብረን እንጾማለን» አለች።

በዚያ ሳምንት እማ አንድ ትራስና አንድ ብርድ ልብስ ገዛች። ጥቁር ዓባያ ስትገዛ በራሷ ላይ ለካችው። «እኔን ከበቃኝ እሷን በቃት፤ እኛ አንድ ነን» አለች ለባለ ሱቁ ሳይሆን ለእኔ፣ በአማርኛ። ፍራሻችን ላይ ወደ ግድግዳው ተጠጋሁና የአክስቴን ቦታ ለቀቅኩ። በቴሌቪዥን የነዳጁ ጉድጓዶች ሲነዱ፣ ቀኑ እንደ ሌሊት ሲጨልም ያሳያሉ፤ እኔ የታየኝ አክስቴ ጥላሸት ለብሳ ስትመጣ ነው። ለመታጠቢያዋ አንድ ሳሙና ደበቅኩላት። ረመዳን ገባ። ትራሱ ላስቲኩ ሳይወልቅለት ተቀመጠ።

ሰውዬው የመጣው በጾሙ አጋማሽ፣ ከዐስር በኋላ ነው። የዚያን ቀን እማ የማዳምን አንሶላዎች አጥባ ጣሪያው ላይ ከዳር እስከ ዳር አስጥታቸው ነበር፤ ከበራችን ስወጣ የሚታየኝ ነጭ ብቻ ነው። አስጥታ ጨርሳ ወደ ታች የወረደች መሰለኝ። እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ ነበር። መጀመሪያ የሰማሁት ሳሉን ነው። ሰው በየፎቁ እያረፈ፣ እየሳለ ይወጣል። ብቅ ሲል ጢሙ የሸበተ፣ ነጭ ቶብ የለበሰ፣ የዐይኑ ጠርዝ የቀላ ሰው ነው። ልብሱ ንጹሕ ነው፤ ሲጠጋኝ ግን የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ።

«የኡሙ ሂክማ ቤት ይህ ነው?» አለኝ።

«እኔ ሂክማ ነኝ።»

ፈገግ አለ። ድካሙ የቀለለው መሰለ። «አልሐምዱሊላህ። እናትሽ አለች?»

«ታች ማዳም ጋ ናት።»

«ከኩዌት ነው የመጣሁት፣ ለዑምራ። እህቷ ራሕመት ሰላም በልልኝ ብላ ልካኝ ነው።»

ልቤ ዘለለች። ግን ወዲያው የእማ ትምህርት መጣብኝ። ዘመድ መስሎ ይመጣል። ሰላምታ ይዣለሁ ይላል። ስምሽን ይጠራል። ይህ ሰው ሦስቱንም አደረገ። ተነሳሁና እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ቆምኩ፤ ቁርኣን ሳሰማ እንደዚያ ነው የምቆመው።

«እናቴ እህት የላትም» አልኩት።

«እንዴት? ራሕመት፣ ሐበሻዋ። ጎረቤታችን ቤት የነበረች። ባለቤቶቹ እስካሁን አልተመለሱም። ቤቱ ተዘርፏል፣ ወረቀቷም የለም፣ እሷም ደህና አይደለችም። ጅዳ እህት አለችኝ፣ ስሜን ብቻ ጥራላት፣ ትመጣለች ብላ...»

«ራሕመት የእናቴ ስም ነው» አልኩ። «አክስት የለኝም። ሌላ ራሕመት አናውቅም። ራሕመት አንድ ናት።»

ቃል በቃል፣ ሳልንተባተብ። ሰውዬው እጁን ኪሱ ከተተና በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ካሴት የሚያህል ነበር። እሱን አየ፣ እኔን አየ።

«በዚህ ሰፈር ሌላ ሂክማ የምትባል ልጅ አለች?»

«አላውቅም።»

መልሶ ኪሱ ከተተው። «ይቅርታ ልጄ። ተሳስቼ ይሆናል፤ ሕንፃው ሁሉ ይመሳሰላል» አለና ወረደ። ሳሉ አራተኛ ፎቅ፣ ሦስተኛ፣ ሁለተኛ እያለ ሲርቅ አዳመጥኩት። ከዚያ ቤት ገብቼ ሙሰላው ላይ ተቀመጥኩ። ደስ አለኝ፤ ምን ልደብቅ! ጀዋዛትን ያህል ነገር ብቻዬን መለስኩ። እማ እስክትመጣ ቸኮልኩ።

ቆይታ መጣች። የቀሚሷ ጫፍ ርሷል፣ ላብ አጥምቋታል፣ ታለከልካለች። የጾም ድካም ነው አልኩ።

«እማ፣ ከየት መጣሽ?»

«ከታች።»

«እማ፣ አንድ ሰውዬ...»

«ሂክማ፣ ጾመኛ ነኝ። አታናግሪኝ» አለችኝ። ወጥቼ ባይ አንዱ ነጭ አንሶላ ጣሪያው ላይ ወድቆ አቧራ ለውሶታል። እማ አንሥታ እንደ አዲስ ታጥበው ጀመር። ልብስ ሲወድቅባት አይቼ አላውቅም ነበር። መግሪብ ሲል አንዲት ተምር ቀምሳ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ከማግሥቱ ጀምሮ ትምህርቱ ቀረ። እማ ዳግመኛ አክስት አለሽ ወይ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። እኔ ያኸተምኩ መሰለኝ፤ ቁርኣኑን የጨረሰ ልጅ ፊደል አይጠየቅም። ለምን ድግስ እንዳልተደገሰልኝ ግን ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር።

በግንቦት ደግሞ የእኛው አዲስ አበባ ተያዘች፤ ነፃ ወጣች የሚሉም ነበሩ። እማ ያኔ ራዲዮ መስማት ትታለች። ከኮምቦልቻ አያቴ ያስጻፉት ደብዳቤ በዓመቱ ደረሰን። «ከኩዌት ብዙ ልጆች ገብተዋል፣ የእኛዋ አልገባችም» ይላል። በሌላኛው ዓመትም ያው ነው። ትራሱን እማ ለማዳም ልጅ ሰጠችው። ረሳቻት ብዬ ተቀየምኳት።

የገባኝ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። አንድ ዐርብ ቀን ሣጥን ሳራግፍ አሮጌ ካሴት አግኝቼ ከፈትኩት። «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል፣ የሂክማ እናት?» አለች አክስቴ። በዐረብኛ ኡሙ ሂክማ። ያ ሰውዬ በደረጃው ጫፍ የጠራው ስም። ጀዋዛት ቢሆን ኖሮ የሚጠራው ወረቀት ላይ ያለውን ነበር፤ እናቴን በእኔ ስም የምትጠራት በዓለም ላይ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ካሴቱን ዘጋሁት። ምግብ አልበላ አለኝ። እማ ጠየቀችኝ፣ ሆዴን ነው አልኳት። ከዚያ በኋላ ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት።

አሁን አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። መካ፣ ሩሰይፋ ተከራይቼ ከእማ ጋር እኖራለሁ፤ ኩዳይ አካባቢ ባለ የሑጃጅ ሆቴል ውስጥ የልብስ እጥበቱ ክፍል ኃላፊ ነኝ። በቀን ሁለት ሺህ አንሶላ በእጄ ያልፋል። እማ ሰባኛ ዓመቷን ልትይዝ ነው። ጉልበቷ ስላስቸገራት ለሁልጊዜው ወደ ኮምቦልቻ ልትመለስ የመጨረሻው የመውጫ ቪዛ ተመታላት። ባለፈው ማክሰኞ የስንብት ዑምራ ላድርግ አለችኝ። መካ የሚኖር ሰው ዑምራ ሲያስብ ከከተማዋ ወጥቶ ተንዒም ከሚባለው መስጂድ ነው ንይያውን፣ የልቡን ሐሳብ፣ አስሮ የሚመለሰው። ለራስህ ነው ወይስ ለሌላ ሰው? እዚያ ነው የሚወሰነው፣ በአፍም የሚነገረው።

እማ ለሰው ዑምራ በማድረግ ትታወቃለች። ለአባቷ አድርጋለች፣ ለእናቷ አድርጋለች፣ ለአባቴ ሦስቴ አድርጋለች፤ ያቺ ማዳም ስትሞት እንኳ አድርጋላታለች። ተንዒም ደርሰን፣ ግቢው ውስጥ አረፍ ብለን ሳለ ጠየቅኳት።

«እማ፣ ለፈይዛ ለምን አድርገሽ አታውቂም?»

ስሟን ከጠራን ስንት ዘመኑ። እማ ጉልበቷን ማሸት አቆመች።

«ለሞተ ነው የሚደረገው። ወይ ከአልጋ ለማይነሳ» አለች።

እሷ ከሄደች ምናልባት ዳግመኛ አንገናኝም። ይህን በሆዴ እንደያዝኩ እንድትሄድብኝ አልፈለግኩም። «አንድ ሰው መጥቶ ነበር» አልኳት። «በዚያ ረመዳን። ከኩዌት። እሷ ልካው ነው። እህት የላትም ብዬ መለስኩት። አንቺ የማታውቂው ነገር ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ደበቅኩሽ።»

ማን ነው ብላ አልጠየቀችኝም። ምን አለ አላለችም። 

«አንሶላ እያሰጣሁ ነበር» አለች።

መጀመሪያ አልገባኝም።

«ከአንሶላው ጀርባ ነበርኩ። ሳሉን ሰማሁት። የሂክማ እናት ሲል ሰማሁት። ደህና አይደለችም ሲልም ሰምቻለሁ፣ ወላሂ ሁሉንም ሰምቻለሁ። አንሶላውን ገልጬ አንድ እርምጃ መውጣት ነበር፣ አንድ እርምጃ። እግሬ እምቢ አለኝ። ብወጣ ኢቃማዬ ሄደ፣ አንቺን ይዘውብኝ ሄዱ አልኩ። ከዚያ አንቺ እንዳስተማርኩሽ ስትመልሺ ውስጤ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? ጎበዝ ልጄ አለ። አላህ ይቅር ይበለኝ ሂክማ፣ ጎበዝ ልጄ ነው ያለው።»

እጇን ያዝኳት። እንደዚያ ቀን እርጥብ የሆነ መሰለኝ።

«እታች ሲደርስ ሳሉ ጠፋ። ያኔ እግሬ ተፈታ። አንሶላውን ጥዬ ሮጥኩ። ዳቦ ቤቱ ድረስ፣ ዋናው መንገድ ድረስ ሮጥኩ። ሰው ሁሉ ነጭ ለብሷል፤ የቱን ብዬ ልያዝ? ጀርባውን አይቼው አላውቅ፣ ፊቱን አይቼው አላውቅ። ቆሜ ሳል ሳዳምጥ ዋልኩ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልጅ ነሻ። ጥፋቱ ያንቺ እንዳይመስልሽ ብዬ ነው።»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ሁለታችን በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ፍራሽ ላይ፣ አንዱን ዝምታ ለየብቻ ተሸክመን ኖርን። እኛ ዘንድ ነቅዟል። ተናደድኩባት፣ አዘንኩላት፤ እዚያው ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። በደረቴ ላይ ያኖርኩት ድንጋይ እሷ ደረት ላይም ነበር፣ ለዚያውም የእኔ ሲቀል የእሷ ከባድ።

«ሞታለች ማለት ያልቻልኩት ተስፋ ስላለኝ አይደለም» አለች እማ። «ሞታለች ካልኩ የገደልኳት እኔ ነኝ። ስለዚህ በሕይወት አቆየኋት። እሷ ግን እዚያ ማንም ዱዓ ሳያደርግላት፣ በሰው ስም... በእኔ ስም...» አልጨረሰችውም። ትከሻዬን ተደግፋ ተነሳች። «ኻላስ። ውዱእ አድርገን እንግባ።»

በሴቶቹ በር አካባቢ ደረታቸው ላይ ባጅ ያንጠለጠሉ ወጣት በጎ ፈቃደኞች ቆመው አሮጊቶችን ያግዛሉ። አንዲቷ የእማን ማዝገም አይታ ክንዷን ደገፈቻት። «ያ ሐጃ፣ ንይያሽ ለራስሽ ነው ወይስ ለሌላ ሰው?» አለቻት በዐረብኛ፣ በትሕትና።

«ለእህቴ» አለች እማ።

«ስሟ ማን ነው?»

እማ ግራና ቀኝ አየች። ያ የጥንቱ ፍርሃት ፊቷ ላይ ሲያልፍ አየሁት። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች። «ፈይዛ። ፈይዛ ቢንት ሰዒድ።»

«አላህ ይርሐምሃ» አለች ልጅቷ። በዚያ ሁሉ ዓመት ለአክስቴ ነፍስ ምሕረት የለመነችላት የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። እማ የልጅቷ ትከሻ ላይ ግንባሯን ደፍታ አለቀሰች። ልጅቷ ደንግጣ ወደ እኔ ዞረችና «አክስትሽ ናት ማለት ነው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። «አክስቴ ናት።»

እማ ቀና ብላ አየችኝ። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። «ማሻአላህ» አለችና ግንባሬን ሳመችኝ።